ንግሥት ይዞ ፈረስን ማሸነፍ ያቃተው ሰው፦ የቼዝ ፍጻሜ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ደጅ ልቀመጥ የሚል የለም። ሁሉም ጋቢውን ደርቦ ሻይ ቤት ይገባል፤ ከገባም በኋላ ወይ ካርታ ወይ ቼዝ ፊት ይቀመጣል። እኔ ከቼዞቹ ወገን ነኝ። አንድ ቀን ለእኔ ንጉሥና ንግሥት፣ ለተጋጣሚዬ ለአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ንጉሥና ፈረስ ብቻ ቀሩና “ይሄማ አልቋል፤ እንደገና እንደርድር” አልኩት። ልጁ ከሰሌዳው ቀና ሳይል “ጋሼ፣ እስቲ ይጨርሱት” አለኝ። ስምንት ወይም ዘጠኝ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ፈረሱ ዘለለና ንጉሤን ቼክ ብሎ (የመበላት ስጋት ላይ ጥሎ) ንግሥቴንም አብሮ ያዘ። ንግሥቲቱ ተበላች፤ ፈረስ ብቻውን ማት ማድረግ (ቼክ የተባለውን ንጉሥ ማምለጫ ማሳጣት) ስለማይችል ጨዋታው አቻ ወጣ። አጠገባችን ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ጡረተኛ “ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!” ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ፍጻሜ ቁጭ ብዬ አጠናሁት። በኮምፒውተር እስከ መጨረሻው ተሰልቶ ያለቀ ነገር ነው፦ ተከላካዩ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ለንግሥት በጣም አስቸጋሪ ከሆነው አቀማመጥ እንኳ ተነስቶ 21 እርምጃ ለማት ይበቃል። የማይሸነፍባቸው አቀማመጦች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ፈረሱ ወዲያው ንግሥቲቱን የሚይዝባቸው ወይም ጨዋታው እዚያው በመታፈን (ቼክ ሳይባሉ እርምጃ በማጣት) የሚያልቅባቸው ናቸው። ስለዚህ አቻ ሲወጣብን ጥፋቱ የእጃችን ነው። እኔ የሠራኋቸውን፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሲሠሯቸውም ያየኋቸውን ልዘርዝር። በምሳሌዎቹ ውስጥ ንግሥት ያለው ነጭ ነው፤ ዓምዶቹንም ከነጭ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እላቸዋለሁ፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከነጭ በኩል የሚቆጠረው መስመር ነው።

ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ ቼክ ማለት

መንዝ በግ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸግረውም። ከመንጋው የወጣን በግ ከኋላው እየሮጡ ቢያባርሩት ይብስ ይርቃል። ዞር ብለው መንገዱን ይዘጉበታል፣ ከዚያ በቀስታ ወደ ጉረኖው ይገፉታል። ንግሥትም እንዲሁ ናት። ቼክ ባሉ ቁጥር የተጋጣሚው ንጉሥ አንድ ቤት ይራመዳል፤ የሚራመደውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፈረሱ ነው። እርስዎ አሥር ቼክ ሲሉ እሱ አሥር እርምጃ በነጻ አገኘ ማለት ነው፤ ተገናኝተው ሲቆሙ ደግሞ ፈረሱን የሚጠብቅለት ንጉሥ አለው።

ቼክ ዋጋ የሚኖረው ከቼኩ ጋር ሌላ ነገር ሲይዝ ነው። የጥቁር ንጉሥ ጂ8፣ ፈረሱ ኤ5፣ የእርስዎ ንግሥት ዲ1 ላይ ናት እንበል። ንግሥትን ዲ5 ላይ ቢያወጧት በሰያፍ ንጉሡን ቼክ ትላለች፣ በአግድም ፈረሱን ትይዛለች። ፈረሱ መሐል ገብቶ ሊጋርድ አይችልም፤ ንጉሡ ይሸሻል፣ ፈረሱ ይበላል። እንዲህ ያለ ቼክ ከሌለ ዝም ያለች እርምጃ ትሻላለች፦ የንጉሡን መውጫ የምትዘጋ፣ ንጉሡንና ፈረሱን የምታለያይ፣ ማንንም የማታስደነግጥ እርምጃ።

ንጉሥንና ንግሥትን አንድ ቀለም ላይ ማቆም

እኔን ያዋረደኝ ይህ ነው፣ ስለዚህም ረዘም አደርገዋለሁ።

ፈረስ በዘለለ ቁጥር ቀለም ይቀይራል። ነጭ ቤት ላይ ያለ ፈረስ ጥቁር ቤት ላይ ያርፋል፤ እዚያ ሆኖ የሚነካው ነጭ ቤቶችን ብቻ ነው። እንግዲህ ንጉሥዎ ነጭ ቤት፣ ንግሥትዎ ጥቁር ቤት ላይ ከቆሙ ፈረሱ ከየትም ቢመጣ ሁለቱን በአንድ ዝላይ ሊይዝ አይችልም። ብዙዎቻችን ፎርክ የምንለው አደጋ ያለው ንጉሥዎ፣ ንግሥትዎና ለመዝለል ተራ የሚጠብቀው ፈረስ ሦስቱም በአንድ ቀለም ላይ ሲገኙ ነው። እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት “ሦስቱ አንድ ቀለም ላይ ናቸው?” ብለው ይጠይቁ። ካልሆኑ በፎርክ በኩል ስጋት የለም። ከሆኑ ፈረሱ የሚያርፍባቸውን ቤቶች በጣት ይቁጠሩ፤ ቢበዛ ስምንት ናቸው።

እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ይህን ይመስላል፦ የእኔ ንጉሥ ኢ4፣ ንግሥቴ ኤ1፤ የልጁ ንጉሥ ኢ7፣ ፈረሱ ዲ7። ፈረሱን ለማስፈራራት ንግሥቴን ኤ4 ላይ አወጣሁ። ኢ4፣ ኤ4፣ ዲ7፤ ሦስቱም ነጭ ቤቶች! ፈረሱ ሲ5 ላይ ሲያርፍ ነገሩ አለቀ። በዚያው ዓምድ ላይ ወደ ኤ7 ብወጣ ኖሮ ግን ፈረሱ ከንጉሡ ፊት ይታሰር ነበር (ቢነሳ ንጉሡ ለቼክ ስለሚጋለጥ መዝለል አይችልም)፤ ኤ7 ጥቁር ቤት ስለሆነ ንጉሤ ኢ4 ላይ ሳለ ፎርክ የሚባል ነገር አይኖርም። ንጉሡም ፈረሱን ላለማስበላት ከአጠገቡ ሳይርቅ ይንቆራጠጣል። አንዱ እርምጃ አሸናፊ፣ ሌላው አቻ፤ ልዩነታቸው ሦስት ቤት ብቻ ነው።

እኚያ የሳቁብኝ ጡረተኛ በኋላ የነገሩኝ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ሰንጠረዥን፣ የአባቶቻችንን ቼዝ፣ ከአባታቸው ሲሰሙ ነው ያደጉት። የሰንጠረዥ ሰሌዳ በመስመር የተከፋፈለ ነው እንጂ ቤቶቹ በሁለት ቀለም አይፈራረቁም፤ በንግሥት ቦታ የሚቆመው ፈርዝም በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። “እናንተ ቀለሙም ተቀብቶላችሁ፣ ንግሥቲቱም ሰሌዳውን ሙሉ እየበረረችላችሁ ነው የምትሸነፉት?” አሉኝ። አልተሸነፍኩም፣ አቻ ነው የወጣሁት ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት።

ንጉሥዎን ለቼክ የሚያጋልጡ ርቀቶችም አሉ። ከፈረሱ በሰያፍ አንድ ቤት አጠገብ ወይም በቀጥታ ሁለት ቤት ርቀው ከቆሙ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ዝላይ ቼክ ይባላሉ። በሰያፍ ሁለት ቤት ከራቁ ግን ፈረሱ እርስዎን ቼክ ለማለት ሦስት ዝላይ ያስፈልገዋል። ይህ ለንጉሥ ከሁሉ የተሻለ ማረፊያ ነው። አጠገቡ በቀጥታ መቆምም ከሚያስፈራው በላይ ደህና ነው፤ ሁለት ዝላይ ይጠይቀዋል።

ንጉሥን ከቤት አለማውጣት

ንግሥት ብቻዋን ማት አታደርግም። ንጉሥ የሚጠብቀውን ፈረስም ብቻዋን ልትበላ አትችልም፤ ብትበላው ራሷ ትበላለች፣ ሁለት ንጉሦች ባዶ ሰሌዳ ላይ ይተያያሉ። (ሰዓት ሲያጣድፍ ይህንንም ያደረገ ሰው አይቻለሁ፤ ስሙን አልናገርም።) ስለዚህ ንጉሥዎ መጓዝ አለበት። ብዙ ሰው ፎርክ ፈርቶ ንጉሡን ጥግ ያስቀምጥና ንግሥቲቱን ብቻ ያንከራትታል፤ ሃያ እርምጃ ያልፋል፣ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተለወጠም።

ንግሥቲቱ የተጋጣሚውን ንጉሥ በመስመር አጥር ታጥራለች፣ ንጉሥዎ ከላይ ያልኩትን ርቀት እየጠበቀ አንድ አንድ ቤት ይቀርባል። ሲቀርብ አንድ የሚያስደስት ነገር ይመጣል፦ ተጋጣሚው ተራውን ማሳለፍ አይችልም። ጥሩ ቦታ ላይ ቆሞ ቢሆንም መንቀሳቀስ ግዴታው ነው። ወይ ንጉሡ ፈረሱን ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ ፈረሱ ከንጉሡ ተለይቶ ይዘላል። ያን ጊዜ እርስዎ ማድረግ ያለብዎት አጥሩን ሳያፈርሱ ንግሥቲቱን አንድ ቤት ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ነው።

ፈረስን መሐል ሜዳ ላይ ለመያዝ መሞከር

መሐል ሰሌዳ ያለ ፈረስ ስምንት መውጫ አለው፤ ስምንቱንም በንግሥት መዝጋት አይቻልም። ዳር ላይ አራት ወይም ሦስት ይቀሩታል፤ ጥግ ላይ ሁለት ብቻ። መጀመሪያ ወደ ዳር ይግፉት።

ዳር ከደረሰ በኋላ ያለችው ዘዴ ደግሞ በቃል ልትያዝ የሚገባት ናት፦ ንግሥትን ከፈረሱ ትይዩ፣ ወደ ሰሌዳው መሐል በቀጥታ ሦስት ቤት አርቀው ያቁሟት። ፈረሱ ኤ5 ላይ ካለ ዲ5። ከዚያ ሆና ፈረሱን ራሱን ትይዛለች፤ መውጫዎቹን ቢ7ንና ሲ6ን በአንዱ ሰያፍ፣ ሲ4ንና ቢ3ን በሌላው ሰያፍ ትዘጋለች። ጥግ ላይም ያው ነው፦ ፈረሱ ኤ8 ቢሆን ንግሥት ዲ8 ላይ ሆና ፈረሱንም፣ ሲ7ንም፣ ቢ6ንም ታያለች። ንጉሡ ቀርቦ ካልጠበቀው ወይም ቼክ ብሎ የሚያመልጥበት ከሌለው ፈረሱ ያለቀለት ነው።

ተጋጣሚን ማፈን

እርምጃ የጠፋው፣ ግን ቼክ ያልተባለ ንጉሥ አቻ ነው፤ ስቴልሜት የምንለው። “ፈረስ እያለው እንዴት እርምጃ ያጣል?” ይላሉ ሰዎች። በሁለት መንገድ ያጣል።

አንደኛው ፈረሱ ሲታሰር ነው። የእርስዎ ንጉሥ ቢ6፣ ንግሥትዎ ኢ2፤ የጥቁር ንጉሥ ኤ8፣ ፈረሱ ቢ8፣ ተራው የእርስዎ። እጅዎ ንግሥቲቱን ወደ ኢ8 ወስዶ ፈረሱን ማሰር ያምረዋል። ከወሰዳት ግን ፈረሱ መዝለል አይችልም፣ ንጉሡ ኤ7ም ቢ7ም በንጉሥዎ ተይዘውበታል፤ አቻ። ትክክለኛው ኢ4 ላይ ቼክ ማለት ነው። ፈረሱ ሲ6 ላይ ከመጋረድ በቀር ምርጫ የለውም፤ ንግሥቲቱ ሲ6 ላይ በቼክ ትበላዋለች፣ ንጉሡ ወደ ቢ8 ይሄዳል፣ ንግሥት ቢ7 ላይ ማት።

ሁለተኛው ስስት ነው። ንጉሡ ኤ8 ጥግ ላይ ቆሞ ፈረሱ ቢ6 ወይም ሲ7 ላይ ያለ ጠባቂ ሲቀመጥ፣ በንግሥት ከበሉት ያችው ንግሥት ኤ7ን፣ ቢ7ንና ቢ8ን በሙሉ ትዘጋለች፤ ቼክ ግን አላለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ጥግ ያለ ንጉሥ ሲያዩ የሚበላውን ፈረስ ከማየትዎ በፊት ንጉሡ የሚሄድበት አንድ ቤት እንደሚቀርለት ያረጋግጡ።

ወታደርን ሳያዩ ማንገሥ

ይህ ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ወታደር ስምንተኛው መስመር ደርሶ ንግሥት ሲሆን ነው፤ ደስታው ዓይን ያሳውራል። የእርስዎ ንጉሥ ኢ6፣ ወታደርዎ ኤ7፤ የጥቁር ንጉሥ ጂ7፣ ፈረሱ ኢ8። ወዲያው ካነገሡ ፈረሱ ሲ7 ላይ ዘሎ ኢ6ንና ኤ8ን ይይዛል። (ቀለሞቹን ይዩ፤ ኢ6፣ ኤ8፣ ኢ8 ሦስቱም ነጭ ናቸው።) ይልቁን መጀመሪያ ንጉሥን ወደ ዲ7። አሁን ሲ7 ተጠብቋል። ፈረሱ ኤፍ6 ላይ ቼክ ቢል ንጉሡ ወደ ሲ6 ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ወታደሩን የሚያቆመው የለም።

ሰዓትና ቆጠራ

በፊዴ (በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ሕግ ወታደር ሳይንቀሳቀስ፣ ምንም ሳይበላ ሁለቱም ወገኖች 50 50 እርምጃ ከሄዱ ተጫዋቹ አቻ መጠየቅ ይችላል፤ 75 ከደረሰ ያለ ጥያቄም አቻ ይሆናል። 21 የሚበቃበት ቦታ 50 ሰፊ ነው፤ አይጣደፉ። ሰዓትዎ ቢያልቅብዎ እንኳ በዚህ ፍጻሜ አይሸነፉም፦ ንግሥት ብቻ ያለውን ንጉሥ ፈረስ በየትኛውም ሕጋዊ የእርምጃ ቅደም ተከተል ማት ሊያደርገው ስለማይችል ውጤቱ አቻ ነው። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ሰዓቱ ሲወድቅ ተነስተው እጅ ይሰጣሉ።

ልጁ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ንግሥቲቱን ለእኔ፣ ፈረሱን ለራሱ ይደረድርና ጮክ ብሎ እየቆጠረ ያጫውተኛል። ባለፈው ሳምንት 34 ላይ ያዝኩት። “ጋሼ፣ 21 አልነበር እንዴ ያሉኝ?” አለኝ፤ ሻዩን እኔ ከፈልኩ።