በድሬዳዋ ሙቀት የባልሳ ኤሮባቲክ አውሮፕላን አገጣጠም

ከባልሳ (እጅግ ቀላል እንጨት) የሚሠራ፣ በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ የአክሮባት አውሮፕላን ስትገጣጥሙ ጭራ ላይ የፈሰሰች አንድ ግራም ሙጫ አፍንጫው ላይ የሁለትና የሦስት ግራም ማካካሻ ትጠይቃለች። ጭራው ከክብደት ሚዛኑ ስለሚርቅ ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ጣጣው ይበዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ክንፉም ፕሮፔለሩም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣሉ።

የክንፉ ርዝመት 1 ሜትር ገደማ፣ ሰርቮው (የክንፉንና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዘው ትንሽ ሞተር) 4 የሆነ ኪት (ለመገጣጠም የተዘጋጀ የክፍሎች ስብስብ) ይዛችኋል እንበል። ሙጫ ሳትከፍቱ እንጨቶቹን በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ለስላሳውና ቀላሉ ለጭራ፣ ጠንካራው ለክንፉ ወጋግራ ይሁን።

ክንፉን ፍጹም ለጥ ባለ ሰሌዳ ላይ ሥሩ። ፕላኑን ዘርግታችሁ በስስ ፕላስቲክ ሸፍኑት፤ አለዚያ እንጨቱ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል። ክፍሎቹን መጀመሪያ ያለ ሙጫ ገጣጥሙና በስፒል ያዙ። ከዚያ ቀጭን ሱፐር ግሉ መገጣጠሚያው ላይ ጠብ አድርጉ፤ ራሱ ሰርጎ ይገባል። ክፍተት ካለ በሙጫ አትሙሉት፣ የባልሳ ስንጥር አስገቡ። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው በእርጥበት ስለሆነ በደረቅ ወቅት ቢዘገይ ታገሡት። ቬንትሌተሩን ከጀርባችሁ አድርጉት፤ ተኑ ዓይን ያቃጥላል። ብዙ ጀማሪ ሁለት የቀኝ ክንፍ ሠርቶ ይነቃል፤ ሁለተኛውን ስትጀምሩ ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ።

የሞተሩ መያዣ ላይ ብቻ ኢፖክሲ (ሁለት ክፍሎች ተበጥብጠው የሚሠራ ጠንካራ ሙጫ) ተጠቀሙ። በሙቀት ቶሎ ስለሚይዝ ጥቂት ጥቂት በጥብጡ።

የጭራውን አግድም ክንፍ ከማጣበቃችሁ በፊት ከጫፉ እስከ ዋናው ክንፍ ጫፍ በክር ለኩ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ከኋላ ስታዩትም ከዋናው ክንፍ ጋር ትይዩ መሆን አለበት።

የፕላስቲክ ሽፋኑን በትንሽ ካውያ መጀመሪያ ጠርዙን አጣብቁ፣ ቀጥሎ መሐሉን ወጥሩ። የካውያውን ሙቀት ከሽፋኑ መመሪያ ውሰዱ። አንዱን ገጽ ብቻ አብዝታችሁ ብትወጥሩ ክንፉ ይጣመማል። ከተጣመመ በተቃራኒው ጠምዝዛችሁ ይዛችሁ ሽፋኑን እንደገና አሙቁ፤ ሲቀዘቅዝ ይቃናል። የተጣመመ ክንፍ በሬዲዮ ማስተካከያ ለጊዜው ይታከማል፤ ፍጥነት ሲቀየር ግን አውሮፕላኑ ይዘነበላል።

መሪዎቹ (ተንቀሳቃሾቹ ክፍሎች) ከክንፉና ከጭራው በሚያያዙባቸው ማጠፊያዎች በኩል ክፍተቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ሰፊ ክፍተትና ሰርቮውን ከመሪው የሚያገናኝ የላላ ዘንግ በፍጥነት ጊዜ መሪውን አርገፍግፎ ይሰብረዋል።

ሰርቮዎቹን ስትፈትሹ ፕሮፔለሩ ይፈታ። የሬዲዮውን ዱላ ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኝ ክንፉ መሪ ወደ ላይ ይነሣ። ሚዛኑን የኪቱ ፕላን ያመለከተው ነጥብ ላይ በሁለት ጣት አንሥታችሁ እዩ፤ ጭራው ካዘነበለ እርሳስ ከመጨመር ይልቅ ባትሪውን ወደፊት ግፉ። ጭራ የከበደው አውሮፕላን ለእጅ አይታዘዝም።

ከበረራ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያውም ከሰውም ራቁ። ጎህ ሲቀድ አየሩ ይረጋል። የሊቲየም ባትሪውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ያብጣል፣ ሊነድም ይችላል።