ቤት ውስጥ የጉራጌ እራት እንዴት ይሰናዳል? ከክትፎው እስከ ጠረጴዛው ኮባ

ወዳጅ ዘመድ ሰብስቦ ለማብላት አሥር ዓይነት ወጥ መደርደር አያስፈልግም። የአንድ አካባቢ ምግብ መርጦ እሱኑ በወጉ ማቅረብ ይበቃል። እንደ እኔ ደግሞ ይበልጣል። ዛሬ የምናሰናዳው የጉራጌን ገበታ ነው፦ ክትፎ፣ ጎመን ክትፎ፣ አይብ፣ ቆጮ፣ ቡላ። ቅቤ የጠገበ፣ ሆድ የሚሞላ፣ ሰው አንዴ ከተቀመጠ ቶሎ የማይነሳበት ምግብ ነው። ጠረጴዛውን ለማሳመር ጌጣጌጥ መሸጫ መዞር የለባችሁም። ምግቡን የሰጠው እንሰት ጌጡንም ይሰጣል። ቅጠሉ፣ ማለትም ኮባው፣ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፣ ቃጫው ይታሰራል፣ ቆጮው ይበላል።

ልኩን ለ8 ሰው አድርጌ ነው የምጽፈው። ከዚያ በላይ ክትፎ በአንድ ሰው እጅ አይደረስም።

1. ቀኑን ምረጡ፣ እንግዶቻችሁን ጠይቁ

ረቡዕና ዓርብ ይቅር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ የገና ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ከእነዚህ ውጭ ያለ ቅዳሜ ማታ ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ሰው ሥራ አይገባም። ረመዳን ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት።

ዋናው ጥያቄ የሥጋው ነው። ጉራጌ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ክትፎ ይወዳል፣ የሚበሉት ሥጋ ግን በየእምነታቸው የታረደውን ነው። እንግዶቻችሁ ከሁለቱም ከሆኑ ከሁለት ሥጋ ቤት ግዙ። መክተፊያው፣ ቢላዋው፣ ማማሰያው፣ ጣባው ሁሉ ለየብቻ ይሁን። ይህንንም ስትጠሩ በስልክ ንገሯቸው። እንግዳ ገበታ ላይ ተቀምጦ “ሥጋው የማን ነው?” ብሎ እንዲሳቀቅ አታድርጉ። ሁለት ሥጋ ማስተናገድ ከከበዳችሁም ጎመን ክትፎው፣ አይቡ፣ ቆጮውና ቡላው የጋራ ናቸው። እነሱን አብዝታችሁ በደንብ ከሠራችኋቸው ሥጋ ያልበላ ሰው እንደ ጎደለበት አይሰማውም።

በዚያው ስልክ ጥሬ የሚበላና የማይበላውን ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃናትና በሕመም አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥሬ ባይበሉ ይሻላል። የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ ቅቤና ሚጥሚጣ አይገድለውም። ለብ ለብ የተደረገውም ያው ውስጡ ጥሬ ስለሆነ ከጥሬው ጋር ቁጠሩት። የተከተፈ ሥጋ አስተማማኝ የሚሆነው ውስጡ ድረስ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፣ ማለትም ቅላቱ ጠፍቶ በደንብ ሲበስል። ይህን ያወቀ እንግዳ ምርጫው የራሱ ነው። የበሰለውን ለመረጠ ሰው ግን “ምነው፣ ክትፎ አታውቅም እንዴ?” አይባልም።

2. ቅቤውን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት አንጥሩ

የክትፎ ጣዕም ግማሹ ቅቤ ነው። ከሱቅ የተነጠረ መግዛት ይቻላል፣ ግን ራሳችሁ ብታነጥሩት ልዩነቱን እንግዶቻችሁ በመጀመሪያው ጉርሻ ያውቁታል።

1 ኪሎ ለጋ ቅቤ በቀስታ እሳት ላይ አቅልጡ። ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ጨምሩበት። አረፋው ሲቀንስ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ በሶብላና ኮሰረት ጨምሩበት። ኮሰረቱን አደራ። ለወጥ የሚሆን ቅቤ ያለ እሱም ያልፋል፣ የክትፎ ቅቤ ግን ያለ ኮሰረት ሽታው ክትፎ ክትፎ አይልም። ቅመሙ እንዳያር እሳቱን እንዳታበረቱ። ዝቃጩ ታች ሲቀመጥና ላዩ ጥርት ሲል አውርዱት፣ ትንሽ ይረፍ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ለ8 ሰው ከዚህ ከግማሽ በላይ ይሄዳል። የቀረው ተከድኖ ይቀመጣል።

3. ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ ቀድመው ይለቁ

የተጋገረ ቆጮ ገዝቶ ማሞቅ ምንም ነውር የለውም። እኔ የምመክረውም እሱን ነው፤ ምክንያቱም ሊጡን መጭመቅ፣ ቃጫውን መክተፍ፣ ማሸት፣ ኮባ ላይ ጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ማገላበጥ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስትገዙ ሳሳ ያለውን ምረጡ። ወፍራሙ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ከሻጯ ላይ ኮባም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቆጮው የሚመጣው በእሱ ተጠቅልሎ ስለሆነ ከየት እንደሚገኝ የምታውቀው እሷ ናት።

ጎመን ክትፎ በጉራጌ የሥጋ ማጀቢያ ብቻ አይደለም። መስቀል ሲደርስ ከእርዱ በፊት የራሱ ቀን አለው። ስለዚህ እንደ ተራ ጎመን አትሥሩት። 2 ኪሎ ጎመን እጠቡ፣ ግንዱን አውጡ፣ ለስልሶ እስኪበስል ቀቅሉ። ከዚያ በእጃችሁ ጨምቁት፤ ጠብታ ውሃ እስኪጠፋ። ውሃ ከያዘ ቅቤው አይገባውም። በስለታም ቢላዋ ድቅቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ይህንን እስከዚህ ድረስ ዋዜማ ላይ መጨረስ ትችላላችሁ። በዕለቱ ንጥር ቅቤ አሙቃችሁ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣና ጨው ጨምራችሁ ማዋሐድ ብቻ ይቀራል።

አይቡን ሁለት ቦታ ክፈሉት። አንዱን ነጭ እንዳለ ተዉት፣ የሚጥሚጣውን እሳት የሚያበርደው እሱ ነው። ሌላውን ከጎመኑ ከፊሉን ወስዳችሁ ቀላቅሉት። 1 ኪሎ አይብ ይበቃል። ውሃው ያልተንጠፈጠፈ አይብ ሳህን ላይ ይንጣለላል፣ ማታውን በጨርቅ አንጠልጥሉት።

4. ጠረጴዛውን ከሰዓት በኋላ አሰናዱ

እዚህ ላይ ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ ያምራልና።

የጉራጌ መንደር ጀፎረ የሚባል አውራ መንገድ አለው። ሰፊ ነው፣ ሳር የለበሰ ነው፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ይሰለፋሉ። ስብሰባው፣ ለቅሶው፣ ሰርጉ፣ የልጆች ጨዋታው እዚያው ነው። ጠረጴዛችሁን በዚህ አስቡት። መሐሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮባ አንጥፉ፣ ጀፎረው እሱ ነው። ጣባዎቹን በሁለቱም ወገን ትይዩ ደርድሩ። የጋራ የሆኑት አይቡ፣ ጎመኑና የቆጮው ሰፌድ መሐል መንገዱ ላይ ይቀመጣሉ። ለምን እንዲህ እንደተደረደረ ለእንግዶቻችሁ ብትነግሯቸው ጨዋታ ይከፍታል፤ የጉራጌ ልጅ ከመሐል ካለ ደግሞ ቀሪውን እሱ ይተርክላችኋል።

ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ በሁለቱም በኩል ጥረጉ። መሐሉ ያለውን ወፍራም አከርካሪ በቢላዋ አንሱለት። ከዚያ ቅጠሉን የሞቀ ምጣድ ላይ ለአፍታ አሳልፉት። ይለሰልሳል፣ አረንጓዴው ይደምቃል፣ ሲታጠፍም አይቀደድም። እንሰት ካጣችሁ የሙዝ ቅጠል ይተካዋል።

ከኮባው ሥር ነጭ ጨርቅ ወይም ባዶ እንጨት ይሁን። አበባ የታተመበት የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ አንሱት። አረንጓዴ፣ ነጭና ጥቁር፣ ከእነዚህ ሦስት ቀለሞች አትውጡ። ጥቁሩ ጣባው ነው። አዲስ ከገዛችሁ ከቀናት በፊት አሟሹት፣ አለበለዚያ ክትፎው አፈር አፈር ይላል። የቀንድ ወይም የእንጨት ማንኪያ ካገኛችሁ ከብረቱ ይልቅ እሱን አቅርቡ። ናፕኪኑን ጠቅልላችሁ በቃጫ እሰሩት። ወለሉ ላይ ቄጤማ በተን አድርጉ። መሬት የሚቀመጥ ወጣት ካለ በአንድ ጥግ ምንጣፍና በርጩማ አዘጋጁለት።

ሻማ ካበራችሁ ሽታ የሌለው ይሁን። የቤቱ ሽታ ቅቤና ኮረሪማ ነው መሆን ያለበት። አበባ የግድ አይደለም። መስከረም ከሆነ ግን አንድ እቅፍ አደይ ጣል ብታደርጉ ማን ይጠላል።

5. ሥጋውን በዕለቱ ግዙ፣ በእጅ ክተፉ

2 ኪሎ፣ ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ ማለት ነው። ለባለ ሥጋ ቤቱ “የክትፎ” በሉት። ቀይ፣ ጮማ የሌለው፣ ጅማቱ የወጣለት። ቤት እንደደረሰ ፍሪጅ ይግባ።

እንግዶች የሚመጡት ማታ 1 ሰዓት ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መክተፍ ጀምሩ። የቀሩ ጅማቶችና ነጫጭ ሽፋኖች ካሉ አንድ በአንድ አንሱ፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄ ነው። ከዚያ በቀጭኑ ሸንሽናችሁ በሁለት በኩል እየመለሳችሁ ክተፉት። ማሽን ያፈጥናል፣ እውነት ነው፤ ግን ሥጋውን ያደቅቀውና ሊጥ ያስመስለዋል። በቢላዋ የተከተፈ ክትፎ ጥርስ ላይ ይታወቃል። ሲያልቅ ሸፍናችሁ ወደ ፍሪጅ መልሱት። ጥሬ ሥጋ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ከመክተፉ ጀምሮ ቁጠሩ።

6. ክትፎው የመጨረሻ ነው

እንግዶች ገብተው፣ እጅ ታጥበው፣ ቆጮው ሞቆ ተቆራርጦ ሰፌድ ላይ ከሆነ በኋላ ነው ክትፎ የሚለወሰው። ቀድሞ ከተለወሰ ቅቤው ይረጋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል።

ለ1 ኪሎ ሥጋ 200 ግራም ያህል ንጥር ቅቤ አቅልጡ። 2 የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣና 1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ጨምሩበት። ጨው በመጨረሻ፣ ቀምሳችሁ፣ ሚጥሚጣው ራሱ ጨው ሊኖረው ይችላልና። ቅቤው እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ይሁን። ለጥሬው ከእሳት አውርዳችሁ ሥጋውን ጨምሩና በደንብ ለውሱት። ለብ ለብ ለሚወድ ድስቱን ቀስ ያለ እሳት ላይ መልሳችሁ ቀለሙ መለወጥ ሲጀምር አውጡ። የበሰለው እስኪበቃው እየተማሰለ ይቆያል፤ ሲበስል ስለሚደርቅ ትንሽ ቅቤ ጨምሩለት።

ጣባው ውስጥ አንድ ቁራጭ ኮባ አልብሱ፣ ክትፎውን በላዩ። ጣባውን ቀድማችሁ ለብ አድርጉት፣ ቅቤው ቶሎ እንዳይረጋ። ወዲያው አቅርቡ። ባለቤቷም ባለቤቱም ማዕድ ቤት አትቅሩ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ከእናንተ እጅ ነው የሚጠበቀው።

7. ቡላ፣ መጠጥ፣ ቡና

ቡላ ገንፎ ለልጆች፣ ለአዛውንትና ቅመም ለማይደፍር ሰው ነው። ለአራስ የሚሠራውም ስለሚያበረታ ነው ይላሉ እናቶች። ቡላውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ እሳት ላይ ሳታቋርጡ አማስሉ። እንደ ተራ ገንፎ ዱቄቱን የፈላ ውሃ ውስጥ ከበተናችሁት ይጓጉላል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል በስሏል። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ ቅቤ ሙሉበት።

መጠጡ ጠጅ ወይም ለማይጠጣው ብርዝ፤ ውሃ አይጥፋ። ከምግብ በኋላ ለእጅ መታጠቢያ ሞቅ ያለ ውሃና ሳሙና አዘጋጁ፣ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ቡናው ሲቀርብ በጉራጌ ወግ ቅቤና ጨው የሚጨምር ሊኖር ስለሚችል ከስኳሩ ጎን ሁለቱንም በትንንሽ ሳህን አስቀምጡ።

8. የተረፈው

የተረፈ ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ለሚሄደው እንግዳ ይሰጣል። አይቡ ተሸፍኖ ፍሪጅ ይገባል። ጥሬ ክትፎ ግን ለነገ አያድርም። ያንኑ ማታ ገበታው ሳይነሳ ሰብስባችሁ መጥበሻ ላይ ሙሉ በሙሉ አብስሉት፣ እንደበረደ ፍሪጅ አስገቡት። ጠዋት እንደገና በደንብ አሙቃችሁ በእንጀራ ፍርፍር አድርጉት፤ ቅቤው በውስጡ ስላለ ሌላ ዘይት አይፈልግም።