ካንሰር ወደ ሽንት ፊኛ ተዛምቶ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ከዚህ በፊት ካንሰር ታክማችሁ ከሆነና ሽንታችሁ ላይ ደም ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። "አያመኝም እኮ" አይሰራም። እንዲህ ያለ ደም ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንታት ድምፁን ሊያጠፋም ይችላል። የደም ማቅጠኛ መውሰድም ከምርመራ አያድንም። በርግጥ ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን ያቀላል፤ ደም መሆን አለመሆኑን ግን ላብራቶሪ ይለየው።

ካንሰር ፊኛ ውስጥ የሚገባው ባብዛኛው ከአጠገቡ ካሉ አካላት ነው፦ ከፕሮስቴት፣ ከማህፀን በር፣ ከትልቁ አንጀት ወይም ከፊንጢጣ። ከጡት፣ ከጨጓራ፣ ከሳንባ ወይም ከቆዳ በደም ተጉዞ የሚመጣም አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ፊኛ ላይ የሚገኝ ካንሰር አብዛኛው እዚያው የበቀለ ስለሆነ፣ የድሮ ታሪካችሁን የማያውቅ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ሕክምናቸው ደግሞ ለየቅል ነው። ስለዚህ የድሮውን የፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ከተገኘ ያኔ የተወሰደው ናሙና ራሱ ቢመጣ ደግሞ እሰየው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ክርክር ይቆርጣል።

ምርመራው ከሽንት ይጀምራል። ሽንት ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ፈልገው ካጡ ግን በቃ ነጻ ነኝ አትበሉ። ከውጭ የሚመጣ ካንሰር ከፊኛው ግድግዳ ጀርባ ገፍቶ ስለሚገባ፣ የውስጡን ሽፋን እስኪበሳ ድረስ ሽንት ውስጥ ላይታይ ይችላል።

አልትራሳውንድ ኩላሊት አብጦ እንደሆነ ቶሎ ያሳያል፤ ዕጢው ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን የሽንት ቱቦ ከዘጋው ኩላሊቱ ያብጣል። ሲቲ ስካን በመርፌ በሚሰጥ ማቅለሚያ ይነሳል፣ ከዚያ በፊት የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን፣ ይለካ። ዕጢው ፊኛውን ነክቶት ብቻ ነው ወይስ ገብቶበታል ለሚለው ኤምአርአይ ይሻላል። ፔት ስካን የሚባለውን ብዙ ሰው የመጨረሻው ዳኛ ያደርገዋል፤ ለፊኛ ግን ያን ያህል አይደለም፣ ምክንያቱም የሚሰጠው ጨረራማ ስኳር በሽንት ስለሚወጣ ፊኛው ጤነኛም ሆኖ ያበራል።

ቀጥሎ ሲስቶስኮፒ አለ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ ገብቶ ፊኛውን ከውስጥ ያያል። ደስ አይልም፣ ግን ማደንዘዣ አለው። በዓይን ማየት ብቻውንም አይበቃም። በማህፀን በር ካንሰር ለምሳሌ የፊኛው ሽፋን ውኃ ቋጥሮ ማበጡ "ፊኛ ገብቷል" አያሰኝም፤ ካንሰሩ በባዮፕሲ፣ ማለትም ከፊኛው በሚቆረጥ ናሙና፣ መገኘት አለበት። ቀደም ሲል ጨረር የተሰጠው ፊኛም ሊቆስልና ሊደማ ይችላል። ናሙናው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጡንቻውም ጭምር ቢወሰድ ጥሩ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ፓቶሎጂ ላይ ነው። የአንጀት ካንሰር ፊኛ ላይ ሲያርፍ በማይክሮስኮፕ እዚያው የተወለደ ሊመስል ይችላል። ያኔ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል በናሙናው ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚፈልግ ልዩ ቀለም የመቀባት ምርመራ ይሠራል። ከፕሮቲኖቹ መካከል ፒኤስኤ ወደ ፕሮስቴት ይጠቁማል፤ ሲዲኤክስ2 ወደ አንጀት፣ ግን አንጀት መሰል ሆኖ ፊኛው ላይ በበቀለ ካንሰርም ሊወጣ ይችላል። ጋታ3 ግን በፊኛም በጡትም ካንሰር ላይ ስለሚወጣ ጡቷን የታከመች ሴት ላይ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ነው የናሙናው መላኪያ ወረቀት ላይ የድሮው ካንሰር ስም መጻፉን ጠይቃችሁ አረጋግጡ የምለው። ሐኪሙ ቢሰለችም ይሰልች።

ልዩ ቀለም ሲታዘዝ ውጤቱ ይዘገያል። በዚህ መሃል የረጋ ደም ሽንት ከዘጋባችሁ፣ ትኩሳት ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንት በጣም ከቀነሰ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ከሽንት ጋር አየር ወይም ዓይነ ምድር መውጣት ከጀመረም አንጀትና ፊኛ ተበስተው ተገናኝተው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ተናገሩ።