የካምፕ ተሳቢ ለሰሜን ሸዋ መንገድ፦ ከምርጫው እስከ ጣርማበር ቁልቁለት

ከጣርማበር ጫፍ ወደ ሸዋሮቢት የሚወርድ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ቆላ ይገባል። መኪናውና ተሳቢው ተደምረው 3 ቶን ቢመዝኑ፣ በዚያ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 150 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ንፋስ፣ ጎማና ሞተር ይውጡታል፤ የቀረው ፍሬን ላይ ያርፋል። ስለዚህ የካምፕ ተሳቢ፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ ስትመርጡ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ቁልቁለት ላይ ይያዛል ወይ ብላችሁ ነው። ዳገት ቢበዛ ያዘገያችኋል።

ተሳቢ ወይስ ቤት የሆነ መኪና?

አልጋና ምድጃ የተገጠመለት ሃይሩፍ (ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ) ለአስፋልት ሰው ጥሩ ነው። አንድ ሊብሬ፣ አንድ ፍሬን፤ ወደ ኋላ መንዳቱም አያስቸግርም። ጉድለቱ ሁለት ነው። ሆዱ ወደ መሬት የቀረበ በመሆኑ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ድንጋይ የበዛበት ጥርጊያ መንገድ ላይ አይመችም። ሌላው ደግሞ ካምፕ ከሠራችሁ በኋላ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ቤታችሁን ነቅላችሁ መሄድ አለባችሁ። ሃይሩፍን ወደ ቤት መቀየር የቦዲ ለውጥ መሆኑንም አትርሱ። በያጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ፈቃድ ጨርሱ፤ ለውጡም ሊብሬው ላይ ይስፈር። አለዚያ ቦሎ በመጣ ቁጥር ጣጣ ነው።

መድረሻችሁ ጓሳ፣ መሐል ሜዳ ወይም የአንኮበር ዙሪያ ከሆነና ፒካፕ ወይም ላንድክሩዘር ካላችሁ ተሳቢ ይሻላል፤ ካምፑ ላይ ትተዉትና መኪናውን ነጻ ታደርጋላችሁ። እኛ የምንመክረው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ሸራ ሆኖ የሚታጠፍ ዓይነት ነው። ረጅምና ግድግዳው ደረቅ የሆነው በሸኖና በጫጫ ሜዳ ላይ የጎን ንፋስ ይመታዋል፤ ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥርም ይናወጣል። ለተሳቢው ሰሌዳና ምርመራ፣ ለእናንተም የመንጃ ፈቃድ ደረጃ የሚጠየቀውን፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጡ።

በኤሌክትሪክ መኪና ለመጎተት ላሰበ፦ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ መጎተት እንደሚፈቀድ ካልተጻፈ ይቅርባችሁ። ቢፈቀድም አንድ ቻርጅ የሚያስኬደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ክብደቱን በወረቀት ሳይሆን በሚዛን

ሻጭ የሚነግራችሁ ባዶውን ክብደት ነው። ባዶው 550 ኪሎ የሆነ ትንሽ ተሳቢ እንውሰድ። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ፣ የጋዝ ሲሊንደር ከነጋዙ 26፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 28፣ ምግብና ድስት 60፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ 40፣ ወንበርና መጠለያ 40። ድምሩ 824 ኪሎ ይሆናል። ብዙ የመኪና መጻሕፍት የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅዱት ጣሪያ 750 ኪሎ ነው። «ቀላል ነው» የተባለው ተሳቢ አንድ ቤተሰብ ሲጫንበት ፍሬን የግድ ይለዋል ማለት ነው። 500 ኪሎ እንኳ ቢሆን ለጣርማበር መንገድ ፍሬን የሌለውን አትግዙ።

የመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የመጎተት አቅም ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ጣርማበር ላይ ሲሶ ገደማው የለም። 1,500 ኪሎ ይጎትታል የተባለ መኪና እዚያ ላይ 1,000 ኪሎ እንደሚጎትት አድርጋችሁ ቁጠሩት። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሙቀቱን ግን እሱም አያመልጥም።

ከጠቅላላው ክብደት ባልተናነሰ መታየት ያለበት በጋንቾው (ተሳቢው በሚያያዝበት የመኪናው መጎተቻ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ከተጫነው ተሳቢ 10 በመቶ ገደማ ይሁን፤ ለ824 ኪሎ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ የእህል ነጋዴ ባስኩላ ይበቃል። ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ጎማዎቹን እንዳይንከባለሉ በታኮ (በሽብልቅ) ያዙ፤ ከዚያ በጋንቾው ኳስ ቁመት ልክ የተቆረጠ እንጨት ባስኩላው ላይ አቁማችሁ የተሳቢውን አፍ አሳርፉበት። ካነሰ ተሳቢው ከኋላ ከብዷል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከበዛ የመኪናው አፍንጫ ይነሣል፣ መሪው ይቀልላል፣ ማታ መብራታችሁ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ጋንቾው ላይ የተጻፈውን ጣሪያም አትለፉ።

ውሃው ከአክሱ (ሁለቱን ጎማዎች ከሚያያይዘው ዘንግ) በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት፣ ከባድ ነገር ሁሉ ወለሉ ላይ ይሁን። ትርፍ ጎማና ጀሪካን ከኋላ መስቀል መልኩ ያምራል፣ ጠባዩን ግን ያበላሻል። ውሃው ሲያልቅ ሚዛኑ እንደሚለወጥም አስቡ፤ ለጉዞ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ፣ ግማሽ ግን አይሁን፤ ግማሽ በርሜል በየኩርባው ይንቧቸራል።

ሲገዛ ወይም ሲሠራ የሚታይ

አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም ጎበዝ በያጅ አይጠፋም፤ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ንድፉ ነው። ተሳቢ የሚሰነጠቀው አንገቱ (ከጋንቾው ጋር የሚያገናኘው የፊት ብረት) ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ስለዚህ አንገቱ ሳጥኑ ሥር ገብቶ እስከ አክሱ ቢደርስ ይመረጣል። ብየዳውም በብረቱ ርዝመት ይሂድ። የአንገቱን ጀርባ አግድም የሚያቋርጥ ብየዳ ብረቱን እዚያው ያዳክመዋል፤ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ያገለገለ ስትገዙ ይህን ቦታ በብሩሽ ጠርጋችሁ እዩ። ትኩስ ቀለም እዚያ ላይ ብቻ ከተቀባ ዋጋ መነጋገሩን ተዉት።

ቸርኬው ከመኪናችሁ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፦ የቡሎን ብዛቱና ርቀቱ፣ የጎማው ቁጥርም። አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል፤ መንዝ ላይ ጎሚስታ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። ጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ፀሐይ ያደርቀዋልና ስድስት ዓመት ካለፈው ለውጡት። ተሳቢውን በክሪክ አንሥታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተላቀቀ ወይም ሲዞር ካጉረመረመ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ማለቁ ነው። ኩሽኔታ በዓመት አንዴ ታጥቦ አዲስ ግሪስ ይግባለት።

የጋንቾው ኳስ 50 ሚሊሜትር እንደሆነና የተሳቢው አፍ ለሱ የተሠራ እንደሆነ እዩ። ባለ 2 ኢንቹ 50.8 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ስለማይሞላ ይገባል፣ ይቆለፋልም፤ ግን እየተንኳኳ ሁለቱም ይበላሉ፣ አንድ ቀን ጉብታ ላይ ይዘላል። ሁለቱም ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ይነበብ።

ከፍሬን ዓይነቶች፣ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ራሱ ወደ ፊት ገፍቶ በሽቦ የሚይዘው ለኛ አገር ይስማማል። ማንኛውም መካኒክ ፈትቶ ይጠግነዋል። ችግሩ ሁለት ነው፦ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቅ ይይዝና ይግላል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትሄዱም መኪናው የቀነሰ መስሎት ይቆልፋል፤ ለዚህ መቆለፊያ ፒን ያለው ይሁን። ከመኪናው ውስጥ የሚታዘዘው የኤሌክትሪክ ፍሬን የተሻለ ይይዛል፤ ሲበላሽ ግን ዕቃው እንደልብ አይገኝም።

አገጣጠም

1. ታኮ ከተሳቢው ጎማ ፊትና ኋላ። ይህ ሳይሆን ምንም አይነካ።
2. አንገቱን ከኳሱ በላይ አንሥታችሁ መኪናውን በቀስታ አስጠጉ፤ አውርዱት፤ ቆልፉት።
3. የፊቱን መደገፊያ ጎማ ክሪክ አድርጋችሁ አንገቱን ወደ ላይ ግፉት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ነክሷል፤ ካልተነሣ ኳሱ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልያዘም።
4. ሁለቱን ሰንሰለቶች ከአንገቱ ሥር አቋርጣችሁ እሰሩ። ጋንቾው ቢከዳ አንገቱ መሬት ሳይነካ እነሱ ላይ ይተኛል። ለኩርባ የሚበቃ ልቀት ይኑራቸው፣ መሬት ግን አይጎተቱ።
5. ተሳቢው ቢበጠስ ፍሬኑን የሚይዘውን ቀጭን ሽቦ ከሰንሰለቱ ለይታችሁ መኪናው ላይ እሰሩ።
6. መብራቱን ሰኩና ረዳት ከኋላ ይቁም፦ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ ፍሬን፣ የማታ። በሰባት እግር ሶኬት ቢጫው ግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው ቀኝ፣ ቀዩ ፍሬን፣ ነጩ ማሳ (የሁሉም የጋራ መመለሻ ሽቦ) ነው። ፍሬቻ ስታበሩ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ካለ አምፖሉን አትቀይሩ፤ ነጩ ሽቦ ላልቷል ወይም ዝጓል።
7. መደገፊያውን ሰብስቡ፤ ታኮውን መጨረሻ ላይ አንሡ።

የጎማ ዳዶዎች መጀመሪያ ከተጠበቁ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቁ። ከደብረ ብርሃን ለተነሣ ይህ ጣርማበር አካባቢ ላይ ይውላል፤ ከቁልቁለቱ በፊት መሆኑ ጥሩ ነው።

መንገድ ላይ

ሜዳ ላይ 80 ይበቃል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሳይንገዳገድ ቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ፤ የሙቀት ጌጁ ከፍ ካለ የመኪናውን የውስጥ አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) አጥፉ። ካስፈለገም ቁሙ፤ ሞተሩን ግን ወዲያው አታጥፉት፣ በዝግታ እየሠራ ይብረድ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈት።

ጣርማበር ላይ ጉም በጠዋትም በከሰዓትም ይወርዳል። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ሳትገቡ የተሳቢው የኋላ መብራት መሥራቱን እዩ፤ ከፊት ያለውን መኪና አትጠጉ። ከዋሻው በኋላ የሚመጣው ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው፦ ማርሹን ገና ሳይወርዱ ቀንሱ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፤ ፍጥነት ከ30 እስከ 40። ፍሬን ያለማቋረጥ በስሱ አይረገጥም፤ ጠበቅ አድርጋችሁ 10 ያህል ቀንሱና ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ ይተንፍስ። በማንኛውም ምክንያት ማርሹን ዜሮ አታድርጉ።

ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ላይ ይፈላል። ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ ካረጀ 155። ስለዚህ ዘይቱ በሁለት ዓመት ይለወጥ፤ ለዚህ መንገድ ዶት 4 ይመረጥ፣ መኪናው የሚቀበል ከሆነ። ደብረ ሲና ከተማ ስትደርሱ ጎማው ጠንካራ ሽታ ባይኖረውም ግማሽ ሰዓት ቁሙ። የጋለ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም አትሳቡበት፤ ታኮ ብቻ። ከቀኝና ከግራው አንዱ በጣም ከጋለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይ ኩሽኔታው እየሄደ ነው።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ እጅ ይዝለፈለፋል፣ እግርም ፍሬን ይፈልጋል። ሁለቱንም ተቆጣጠሩ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ በመሪ ልታስተካክሉት አትሞክሩ፤ ነዳጁን ብቻ ልቀቁ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው የተሳቢውን ብቻ ያዙ። ሲረጋ ቆማችሁ ጭነቱን አስተካክሉ፤ ምክንያቱ ካልተነካ ተመልሶ ይመጣል።

ወደ ኋላ ስትሄዱ እጃችሁን ከመሪው ታች ያዙ፤ ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ጎን እጁን ውሰዱት። ማጠፉ ከበዛ ማስተካከል አይቻልም፤ ወደ ፊት ወጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ያለውን ቁልቁለት ግን ተሳቢ ይዛችሁ አትሞክሩት። ጉዞው በአጠቃላይ በክረምት አይሆንም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር መንገዱ ይደርቃል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፣ ሳይመሽም ግቡ። የገበያ ቀን የአህያና የሰው ብዛት አለ፤ ተሳቢ የያዘ መኪና ለመቆም ረዘም ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ሌሊቱ

ጓሳ የሕዝብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ገብታችሁ ከማቆማችሁ በፊት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ውሻ አታምጡ፤ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሌላ ቦታ ከሆነ ባለማሳውን አስፈቅዱ፤ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ደረቅ ወንዝ ውስጥና ዳር አታድሩ፣ ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ እናንተ ጋ ይደርሳል።

ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርዳል። ከሰል ተሳቢው ውስጥ አይገባም፤ «በሩን ገርበብ እናደርጋለን» ማለት አያድንም፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ጋዝ ምድጃም ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አይሆንም፤ ከላይና ከታች የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ይኑር። የሲሊንደሩ እሳት በንጋት ብርድ ከደከመ ውስጡ ቡቴን በዝቶበታል፤ ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቁ፣ በእሳት ግን አታሙቁት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ምስርና ባቄላ ከቤት ተቀቅሎ ይምጣ፤ ጋዝ ይቆጥባል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቧንቧውን ውሃ ከታችኛው ቧንቧ አፍስሱና ለጠዋት ቡና የሚሆነውን በጀሪካን ውስጥ አስገብታችሁ አሳድሩት።