በአንድ ዘለላ ፀጉር የብርሃንን ሞገድነት ማየት

ብርሃን ሞገድ መሆኑን ያሳየው የቶማስ ያንግ ሙከራ በመማሪያ መጻሕፍት የሚታወቀው በሁለት ጠባብ ስንጥቆች ሥዕል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም በኖቬምበር 1803 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው ሙከራ ግን ስንጥቅ አልነበረውም። በመስኮት መዝጊያ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ወደ ክፍሉ በገባው የፀሐይ ጨረር መካከል ውፍረቷ ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ የካርቶን ቁራጭ በጠርዟ አቁሞ፣ በጥላዋ ውስጥ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ሲፈራረቁ ተመለከተ። በአንዱ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን ሲከልል፣ የሌላው ጎን ብርሃን እንዳለ ሆኖ ሳለ፣ በጥላው ውስጥ የነበሩት መስመሮች ጠፉ። ለእኔ የሙከራው ልብ ይህ መከለል ነው፤ መስመሮቹ የሚፈጠሩት ከሁለቱም ጎኖች የመጣው ብርሃን ሲገናኝ መሆኑን ያለ አንዳች ስሌት ያሳያልና።

ይህን በቤት ለመሥራት የካርቶኑን ቦታ ፀጉር፣ የፀሐዩን ቦታ ደግሞ ኃይሉ ከ5 ሚሊዋት ያልበለጠ ትንሽ ቀይ ሌዘር ይተካል። ጨረሩን ወደ ማንም ሰው ዓይን ፈጽሞ አያነጣጥሩ፤ በመንገዱ ላይም መስታወት ወይም የሚያብለጨልጭ ብረት እንዳይኖር አስቀድመው ያረጋግጡ። ልጆች የሚሠሩት ከሆነ አዋቂ አብሯቸው ይሁን።

በካርቶን መካከል የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ ቆርጠው፣ አንድ ዘለላ ፀጉር ከላይ ወደ ታች ወጥረው በፕላስተር ይለጥፉ። ክፍሉን ካጨለሙ በኋላ ሌዘሩን ጠረጴዛ ላይ አስተካክለው፣ ማብሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት፤ በእጅ የተያዘ ሌዘር ስለሚንቀጠቀጥ ልኬቱን ያበላሻል። ጨረሩ በትክክል ፀጉሩ ላይ ሲያርፍ፣ 3 ሜትር ርቆ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ ብሩህና ጨለማ ቦታዎች የሚፈራረቁበት አግድም ሰንሰለት ይታያል። ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ብርሃኑ ወደ ጎን መዘርጋቱ ብዙዎችን ያስገርማል። ከመካከሉ ወደ ጎን በራቅን ቁጥር ከፀጉሩ ሁለት ጠርዞች የሚመጡት ሞገዶች የሚጓዙት ርቀት ልዩነት ይጨምራል፤ ልዩነቱ በአንድ የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) ባደገ ቁጥር አንድ አዲስ ጨለማ ቦታ ይገኛል።

ከዚህ በመነሣት የፀጉሩን ውፍረት ማወቅ ይቻላል። የመካከለኛው ብሩህ ቦታ ስፋት የሌሎቹ እጥፍ ስለሆነ እርሱን ትተው፣ በአንድ ጎን ካለው የመጀመሪያው ጨለማ ቦታ እስከ አምስተኛው ይለኩና ለ4 ያካፍሉ። አንዱን ክፍተት ብቻ ከመለካት ይህ እጅግ የተሻለ ነው፤ የእጅና የዓይን ስሕተት በአራቱ ክፍተቶች ላይ ይከፋፈላልና። ከዚያም የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ከፀጉሩ እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት አባዝተው፣ ውጤቱን በአንዱ ክፍተት ያካፍሉ። ለምሳሌ የአምስቱ ጨለማ ቦታዎች ርቀት 10 ሴንቲሜትር ቢሆን አንዱ ክፍተት 25 ሚሊሜትር ነው። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር ማለትም 0.00065 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ይህ በ3000 ሚሊሜትር ተባዝቶ ለ25 ሲካፈል የፀጉሩ ውፍረት 0.078 ሚሊሜትር ይሆናል።

532 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ሌዘር ከተገኘ በዚያው ፀጉር ይድገሙት። ክፍተቶቹ ወደ 20 ሚሊሜትር ገደማ ይጠባሉ፤ የሚሰላው ውፍረት ግን ከቀዩ ጋር ሊቀራረብ ይገባል። በጣም ከተራራቀ በመጀመሪያ የግድግዳውን ርቀት እንደገና ይለኩ።