ዘይቱ ጠቆረ ማለት መቀየሪያው ደረሰ ማለት ነው?

ብዙ ሹፌር ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) መዝዞ የሞተሩ ዘይት ጠቁሮ ሲያየው ይደነግጣል። የናፍጣ ሞተር ከሆነ አትደንግጡ። ዘይቱ ጥላሸቱን ከሞተሩ እያጠበ ራሱ ላይ ስለሚይዝ፣ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። የመቀየሪያውን ጊዜ የሚወስነው ቀለሙ ሳይሆን ማኑዋሉ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ወይም ወር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው።

ዶዘር፣ ኤክስካቫተርና ሎደር ግን በሰዓት ነው የሚቆጠርላቸው፤ ብዙ ጊዜ በየ250 ወይም በየ500 ሰዓት። አቧራና ከባድ ጭነት ካለ ያጥራል። መኪናም ቢሆን ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፣ ዘይቱ ግን ያረጃል።

አሁን የምነግራችሁ ምልክቶች ሲታዩ ግን ዘይት መቀየር ብቻውን አያድንም።

ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት መሰለ? ውሃ ገብቶበታል። ነጩ አረፋ የዘይት ክዳኑ ሥር ብቻ ከሆነና መኪናው አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ ከሆነ፣ እርጥበት ነው፤ ረዘም ያለ ጉዞ ሄዶ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይጠፋል። ዲፕስቲኩ ላይም ከታየ፣ የራዲያተሩም ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል። እባካችሁ ጋራዥ ድረስ ልንዳው አትበሉ። ውሃ ያለበት ዘይት ቤሪንግ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመውን) ይበላል።

ማንም ሳይጨምርበት የዘይቱ ልክ ከፍ አለ? አሽትቱት። ነዳጅ ነዳጅ ካለ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱ ይጠገን፣ ከዚያ ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየር።

ዘይት እየቀነሰ ሰማያዊ ጭስ ካለ ብዙ ጊዜ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል። ጭስ ከሌለ ዘይቱ እየፈሰሰ እንደሆነ መኪናው የቆመበትን መሬት እዩ።

የዘይት ግፊት መብራት እየነዳችሁ ከበራ ወዲያው ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ሜዳ ላይ፣ የዘይቱን ልክ ተመልከቱ። ልኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ነው መብራቱ የበራው ከሆነ አታስነሱት፤ ይጎተት።

ለከባድ ማሽን የዘይት ናሙና ላቦራቶሪ ማስመርመርን የመሰለ ነገር የለም። ሞተሩ ሞቅ እያለ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቅዱ። ውጤቱ ላይ ሲሊከን ካሻቀበ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ እየገባ ነው፤ የአየር ፊልትሮውንና የቱቦውን ማሰሪያ ፈትሹ።