የእማዬ ቅናሽ በር ላይ ለምን ጠፋ?

እማዬ ለንደን ውስጥ ሲኒየር ሬልካርድ የሚባለውን የአረጋውያን የባቡር ቅናሽ ካርድ ካወጣች ወራት አልፈዋል። ዕድሜው 60 የሞላ ሰው በዚህ ካርድ ከባቡር ዋጋ አንድ ሦስተኛ ይቀነስለታል። እሷ ግን በየጉዞው ሙሉ ዋጋ ይቆረጥባት ነበር። የባንክ ሂሳቧን ሳይ አንጀቴን በላችኝ፤ በጡረታ ገንዘብ ነው የምትኖረው።

ለካ የጣቢያው በር ላይ የምታስነካው የባንክ ካርዷን ነው። በሩ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ሬልካርድ በምን ይወቀው? የባንክ ካርድ ላይ ደግሞ ይህን ቅናሽ መጫን አይቻልም። የሚጫነው ኦይስተር በሚባለው፣ ገንዘብ ተሞልቶበት በር ላይ በሚነካው የለንደን የጉዞ ካርድ ላይ ነው።

ሬልካርዱንና ኦይስተሩን ይዘን ወደ ምድር ባቡር ጣቢያ ሄድን። ሠራተኛው ሬልካርዱን አየና ትኬት መሸጫ ማሽኑ ላይ ከኦይስተሩ ጋር አገናኘልን። ጊዜም አልፈጀ። «ይኸው ነው እንዴ?» አለች እማዬ። እኔም የገረመኝ እሱ ነው።

እናትና አባት ያላችሁ ግን ሰዓቱን ንገሯቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ12:30 እስከ 3:30 ቅናሹ አይሠራም። ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓትም ለአብዛኛው ጉዞ እንደዚያው ነው። ሲገቡም ሲወጡም ያንኑ ኦይስተር ያስነኩ። ተቆጣጣሪ ሊጠይቅ ስለሚችል ሬልካርዱ ከእጃቸው አይለይ። ሬልካርዱ ሲታደስ ኦይስተሩን እንደገና ማስገናኘት ያስፈልጋል፤ እኔ ቀኑን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ።